ወዴት ነው የሚሄዱት?

አጎቴ ጥያቄውን የጠየቁኝ እሑድ ከሰዓት፣ አወሉ ተቀድቶ ገና ሳይቀመስ ነበር። ደሴ፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ የሞናኮን ግራንድ ፕሪ፣ የፎርሙላ ዋኑን የመኪና ውድድር፣ እያየሁ ነው። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። መኪኖቹ ግራና ቀኙ በታጠረው ጠባብ ጎዳና እየተከታተሉ ሲፈተለኩ ብዙ ደቂቃ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ፣

«አንተ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ከየት ተነስተው ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉኝ።

«የትም አይሄዱም ጋሼ። የተነሱበት ይመለሳሉ። መንገዱ 3.3 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱን 78 ጊዜ ይዞሩታል።»

«እዚያው በእዚያው 78 ጊዜ?»

«አዎ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ስኒያቸውን አነሱ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔ ግን የቀረውን ውድድር ማን አንደኛ እንደወጣ እንኳ ልብ ሳልል ጨረስኩት።

ጥያቄው ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ ቢሆን በማግስቱ እረሳው ነበር። አጎቴ ግን መንገድን በሥጋቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድተዋል። አሰብ የእኛ ወደብ በነበረችበት ዘመን ኤንትሬ ፊያታቸውን ከነተሳቢው ይዘው ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል፣ በሚሌ በረሃውን አቋርጠው ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። «ቢስሚላሂ» ብለው ሞተር ካስነሱ የሚደረስበት ቦታ አለ፤ እዚያ የሚጠብቅ ጭነት አለ፣ እዚህ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ለእሳቸው መንዳት ማለት ይኸው ነው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የመኪና ውድድር ስወድ፣ ፍቅሩን ከእሳቸው ጋቢና የወረስኩት ይመስለኝ ነበር። አንድ ነው ብዬ የማስበው ፍቅራችን ሁለት ሊሆን እንደሚችል ያን ዕለት ነው የገባኝ። ነገሩ ሳምንታት ሙሉ ከውስጤ አልወጣም አለኝ።

ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው

መልስ ፍለጋውን ከራሴ ጀመርኩ። ፎርሙላ ዋንን ለምን ወደድኩት? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ውድድሮቹ የሚታወቁት በእሱ ስለሆነ።)

«ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» እንላለን። በትራክ ላይ የሚደረግ ውድድር ለእኔ ይህ አባባል አስፋልት ለብሶ ማለት ነው። ሜዳው አንድ ነው። ኩርባውና ርቀቱ ለሁሉም እኩል ነው። ማንም ተነስቶ «መንገዱ ከዳኝ» ሊል አይችልም። አንድን ኩርባ 78 ጊዜ መዞር ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው አለ። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጎማው እየተበላ ይሄዳል፣ ነዳጁ በተቃጠለ ቁጥር መኪናው ይቀልላል፣ የሰውየው አንገትና ክንድ ይዝላል፤ ኩርባው ግን ያው ነው። የማይለወጥ ነገር ፊት ሲቆም ነው የሰው ልክ የሚታወቀው።

በ1988 ብራዚላዊው ሹፌር አይርተን ሴና እዚሁ ሞናኮ ላይ፣ የመነሻ ቦታ በሚለይበት የቅዳሜው የሰዓት ሙከራ፣ የቡድን ጓደኛውን አለን ፕሮስትን በ1.4 ሰከንድ በለጠው። ሁለቱም የያዙት አንድ ዓይነት ማክላረን ነው። በሺኛ ሰከንድ በሚበላለጡበት ስፖርት ውስጥ 1.4 ሰከንድ ማለት ሌላ ዓለም ነው። በማግስቱ ሁሉንም በሩቅ ጥሎ ሲመራ ቆየና፣ ፍጥነቱን ቀነስ ካደረገ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው ፖርቲዬ በሚባለው ኩርባ ላይ አጥር ገጨ። ፕሮስት አሸነፈ። እነዚያን ሁለት ቀናት ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሰው በላይ የነበረ ሰው እሑድ ሐሳቡ ለአፍታ ቢበተን ያ የማይለወጥ ኩርባ አገኘው።

«መኪናው ነው የሚያሸንፈው» ብለው ፎርሙላ ዋንን የሚያጣጥሉ ሰዎች አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ደካማ መኪና የደረሰው ጎበዝ ከኋላ ተሰልፎ ይውላል። ግን ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም። ያ ቅዳሜ ሁለቱ ሰዎች የነበሩበት ፈረስ አንድ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ጀግና በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የእኛው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ። ሰውና ፈረስ አንድ ስም ይዘው ይዘምታሉ። ሴናን ከማክላረኑ ነጥዬ ማሰብ የሚቸግረኝ ለዚህ ይመስለኛል።

በ1994 ኢሞላ ላይ ቅዳሜ ዕለት ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ሞተ፤ በማግስቱ ሴና ራሱ ሞተ። ከተሰባበረው መኪናው ውስጥ የተጠቀለለ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ። ቢያሸንፍ ለሟቹ ሊያውለበልበው ነበር። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው «አዎ፣ ሹፌር ለሹፌር እንደዚያ ነው» አሉና ዝም አሉ። በባቲ መስመር ስንት ጓደኛ እንደቀበሩ አውቃለሁ።

ጎማ ስለ መቀየርም አወራን። ማክላረን በ2023 ኳታር ላይ አራት ጎማ በ1.80 ሰከንድ ቀይሯል። «ስንት ሰው ሆነው?» ጠየቁ። ወደ 20 ሰው፤ አንዱ ፈቺ፣ አንዱ አውጪ፣ አንዱ አግቢ፣ ሌላው ክሪክ ያዥ። ሥራውን ሰው በሰው ከፋፍዬ ስነግራቸው በአክብሮት አዳመጡ። «እኔና ረዳቴ ሚሌ ፀሐይ ላይ የተሳቢ ጎማ ስናወጣ ሁለት ነበርን» አሉ በመጨረሻ። ስለ ረዳታቸው ሲናገሩ ስሰማ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ዳገቱ

ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ልማድ አመጣን። ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ ዓይነት ውድድር አሳያቸዋለሁ። ልቤ የፈለገው መልስ ነበር፤ ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ «እነዚህስ ይሄዳሉ» የሚሉት የትኛውን ይሆን?

ድራግን አሳየኋቸው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ መንገድ ይለቀቃሉ። ትልልቆቹ 300 ሜትር ያህሉን አራት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ይጨርሱታል፤ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ጉልበቱ ያስደነግጣል፤ ግን ለእሳቸውም ለእኔም ልብ የሚሰቀልበት ጊዜ አጥቶ አለቀ። ናስካር የሚባለውን የአሜሪካኖች የመኪና ውድድር ከውድድሩ ይልቅ በታሪኩ ነው የወደዱት። በ1948 ሲመሠረት ከሹፌሮቹ አንዳንዶቹ በአሜሪካ ደቡብ ተራሮች ሌሊት ሌሊት በድብቅ የወጣ አረቄ እየጫኑ፣ ከፖሊስ እያመለጡ መንዳት የተማሩ ነበሩ። መኪናዋ ከውጭ ተራ ናት፣ ከኮፋኖው ሥር ያለው ግን ሌላ ነው። አጎቴ ከት ብለው ሳቁ። የባቲን መስመር ለኖረበት ሰው ኮንትሮባንድ የጫነ መኪና ሌሊት እንዴት እንደሚበር ማስረዳት አያስፈልግም።

ከፍራሹ ቀና ያሉት ግን ፓይክስ ፒክን ሳሳያቸው ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ከ1916 ጀምሮ የሚደረግ የተራራ ውድድር ነው። አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 156 ኩርባ፣ ሁሉም ሽቅብ። የሚነሱበት ቦታ 2862 ሜትር ላይ ነው፤ ደሴ ወደ 2500 ገደማ ናት፣ ስለዚህ መነሻቸው ራሱ ከእኛ በላይ ነው። የሚጨርሱት 4302 ሜትር ላይ ነው፤ የላስታውን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ያህላል።

«ይሄ ይሄዳል» አሉ አጎቴ። «ይሄ ዳገት እየወጣ ነው።»

ከዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር ጉልበቱ እየከዳው እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ይህን እኔ ሳልነግራቸው በፊት ያውቁታል። ከባሕሩ ዳር የተነሳ ኤንትሬ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ሲጀምር ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ «ያለከልካል» ነው የሚሉት። በ2013 ሴባስቲያን ሎብ በፔጆ ተራራውን በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ወጣው። በ2018 ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቮልስዋገን 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገባ፤ ከ8 ደቂቃ በታች ሲገባ የመጀመሪያው እሱ ነው። ባትሪ አየር አይፈልግም።

«አየር ካልፈለገ እማ ተራራውን አልቀመሰውም» አሉ።

በዚህ አልተስማማሁም፤ ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ዱማም ያንኑ 156 ኩርባ ዞሯል፣ ብዙ ቦታ ላይ ከጎኑ ገደል እንጂ አጥር የለም። ሆኖም ቃሉን ወደድኩት። ተራራ መቅመስ። ውድድሮቹን የሚለያቸው ፍጥነት ሳይሆን ሰውየው የሚቀምሰው ነገር እንደሆነ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ነው።

ድምፁ

ሳፋሪ ራሊ የጎረቤታችን የኬንያ ነው። በ1953 ሲጀመር ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ያካልል ነበር። በ1970ዎቹ ርዝመቱ ከ5000 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር፤ አቧራ፣ ጭቃ፣ ከብት፣ የዱር እንስሳ። በ1965 ጆጊንደር ሲንግ የተባለ የኬንያ መካኒክ በአሮጌ ቮልቮ አሸነፈው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ወንድሙ ጃስዋንት ነበር። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጥቶ ቆየና በ2021 ናይቫሻ ላይ ተመለሰ።

ከመኪናው ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር የከፈትኩት። ግራሩንና አቧራውን ሲያዩ «ይሄ እኮ የእኛው ቆላ ነው» አሉ። ከዚያ ጆሯቸውን አቀኑ። ከሞተሩ ጩኸት በላይ፣ ሳያቋርጥ፣ እንደ ቁርአን ቤት ልጅ በአንድ ዜማ የሚያነብ የሰው ድምፅ አለ።

«ያ የሚያወራው ማነው?»

«አጠገቡ የተቀመጠው ነው ጋሼ። መንገዱን ያነብለታል።»

«ረዳት ነው በለኛ!»

ምን እንደሚል እንድነግራቸው ጠየቁኝ። እየሰማሁ ተረጎምኩላቸው። «ግራ አራት። መቶ ሜትር። ቀኝ ሁለት፣ እየጠበበ ይሄዳል። በውስጥ በኩል ድንጋይ አለ፣ አትቁረጥ።» በብዙዎቹ ዘንድ ቁጥሩ የኩርባው ልክ ነው፤ አንድ በጣም የታጠፈው፣ ስድስት በፍጥነት የሚታለፈው። ከውድድሩ በፊት ሁለቱ መንገዱን በዝግታ ይሄዱበታል፤ ሹፌሩ ያየውን ይናገራል፣ ረዳቱ ይጽፋል። በውድድሩ ቀን ረዳቱ ያንኑ ይመልስለታል። የሚያነበው ደግሞ አሁን ያሉበትን ኩርባ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።

«ሹፌሩ ሳያየው ይገባል?»

«ይገባል። ጫፉ አይታይም፣ አቧራ ነው። ድምፁን አምኖ ነው የሚገባው።»

አጎቴ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። ረጅም ጊዜ ሳይናገሩ ቆዩና «ሐረጎ ትዝ ይልሃል?» አሉኝ።

እንዴት አይለኝ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ልከርም ከእሳቸው ጋር ጋቢና ተሳፈርኩ። ኤንትሬው ባቄላ ጭኗል። በአጎቴና በረዳታቸው መሀል፣ የሞተሩ ሙቀት ከሥር እየመጣ እግሬን ሲያሞቀኝ ተቀምጫለሁ። ከደሴ ስንወጣ ካፊያ ነበር። ሐረጎ አፋፍ ላይ ጉሙ መጣ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከመስታወቱ ፊት ነጭ ጋቢ የተዘረጋ ነው የሚመስለው፣ መብራት ሲያበሩበት ይብሱን ይነጣል። አጎቴ መብራቱን ዝቅ አደረጉና ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለሱ። ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ የተማመነ ሰው ሸራው ግሎ ይከዳዋል። ከኋላችን ሌላ መኪና ክላክስ እያሰማ ይወርዳል። ብንቆም አያየንም።

ረዳቱ ያኔ 20 ዓመት ቢሞላው ነው። የበሩን መስታወት አውርዶ እስከ ወገቡ ወጣ። በአንድ እጁ ጣሪያውን ይዟል፣ የሌላው እጁ መዳፍ በሩ ላይ ነው። ከዚያ መጥራት ጀመረ። «ቀጥ በል… ቀጥ… ግራ ስበር… ስበር፣ ስበር… መልስ። አሁን ጎርፍ የበላው አለ፣ በውስጥ ያዝ።» ድምፁ በሞተሩ ሲዋጥ መዳፉ ይናገራል፤ በሩን አንዴ ሲመታ ቁም ነው፣ ሁለቴ ሲመታ ሂድ። መጀመሪያ የመንገዱን ጠርዝ እያየ የሚናገር መስሎኝ ነበር። ቆይቶ አንድ ነገር ገባኝ። ኩርባው ሳይመጣ ነው የሚጠራው። «ቀጥሎ ቀኝ ነው፣ ረጅም ነው፣ አትቸኩል» ይላል፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በዚያ ጉም ውስጥ እሱም ምንም አይታየውም። ሐረጎን ከጭንቅላቱ ነበር የሚያነበው።

ቀና ብዬ አጎቴን አየኋቸው። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ያለው ይህ ነው። መሪው ላይ አልተደፉም፤ ጉሙን ለመሰንጠቅ ዓይናቸውን አላጠበቡም። ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ ረዳቱ በኩል ዘንበል አድርገው ነበር። የሚያዳምጥ ሰው አቀማመጥ ነው። «ስበር» ሲባሉ ሰበሩ፣ «መልስ» ሲባሉ መለሱ። አንድም ጊዜ «እርግጠኛ ነህ?» አላሉም። እኔ የኮታቸውን ጫፍ ጨብጬ እጄ በላብ ርሷል። ረዳቱ በመሀል አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰና ፊቴን አየ። ቅንድቡ ላይ የጉሙ ውሃ ተንጠልጥሏል። «አብሽር» አለኝና ተመልሶ ወጣ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አጎቴ ወርደው ጎማዎቹን ዞረው በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፣ ለረዳቱ ሻይ አዘዙለት። ስለ መንገዱ አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

አምስት ሜትር ወረቀት

አጎቴ ሐረጎን ካስታወሱኝ ቀን ወዲህ ራሊን የማየው በሌላ ዓይን ነው፤ እንዲያውም በጆሮ ብል ይሻላል። ትራክ የዓይን ውድድር ነው። ሹፌሩ ኩርባውን በዓይኑ ለምዶ፣ ፍሬን የሚይዝባትን ስንዝር ቦታ በዓይኑ ቆርጦ ይገባል። ራሊ የጆሮ ነው። ሰውየው የማያየውን መንገድ በሌላ ሰው ቃል ይነዳዋል። በእርግጥ የፎርሙላ ዋን ሹፌርም ጆሮው ላይ የመሐንዲሱ ድምፅ አለ። ልዩነቱ መሐንዲሱ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ከትራኩ ውጭ ነው። ራሊ ውስጥ ቃሉን የሚሰጠው ሰው በዚያው መኪና፣ በዚያው ገደል አፋፍ ላይ ነው። በ1986 ኮርሲካ ላይ ሄንሪ ቶይቮነን ከመንገድ ሲወጣ አጠገቡ ሰርጂዮ ክሬስቶ ነበር፤ ሁለቱም አብረው ሞቱ። ረዳት በቃሉ የሚከፍለው ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ ነገር ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ጣሊያኖች ሚሌ ሚሊያ የሚሉት ውድድር ነበራቸው፤ ከብሬሻ ተነስቶ ሮም ደርሶ የሚመለስ፣ 1600 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ። በ1955 እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ዴኒስ ጄንኪንሰን የተባለ ጋዜጠኛ አጠገቡ አስቀምጦ ተነሳ። ቀደም ብለው መንገዱን ደጋግመው ሄደውበታል። ጄንኪንሰን አደገኛውን ሁሉ አምስት ሜትር ያህል በሚረዝም ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ጠቅልሎ፣ መስኮት ባላት ሳጥን ውስጥ ከቶ በእጁ እያሽከረከረ ያነባል። መርሴዲሱ ጣሪያ የለውም፤ በዚያ ጩኸት ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ በእጁ ምልክት ነበር የሚነግረው። ሞስ ማዶው የማይታይ ጉብታ ላይ ጋዙን ሳያነሳ የሚወጣው ያ እጅ «ቀጥ ነው» ስላለው ነው። በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሱ፤ በአማካይ በሰዓት 157 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ድምፅ ሲዋጥ እጅ ይናገራል። ኤንትሬው በር ላይ የነበረው መዳፍ!

ያ ውድድር እንዴት እንዳበቃም መናገር አለብኝ። በ1957 የአልፎንሶ ዴ ፖርታጎ ፌራሪ ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣ። እሱ፣ አብሮት የነበረው ኤድመንድ ኔልሰንና መንገድ ዳር የቆሙ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ ከዘጠኙ አምስቱ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መልኩ አልተደረገም። የሐረጎን መንገድ ለመኪና የጠረጉት ጣሊያኖች በገዛ አገራቸው ሚሌ ሚሊያን ያቆሙት በዚህ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስመጣ ሹፌራችን ከሌላ ሚኒባስ ጋር ተያያዘ። ከፊት የደረሰ ነው መንገድ ላይ የሚጠብቀውን ተሳፋሪ የሚያገኘው። ማዶው በማይታይ ኩርባ ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። ከኋላዬ አንዲት እናት ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ «ያ ረቢ» ትላለች። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ በሩን እየደበደበ «እለፈው! እለፈው!» ይላል። እኔን ያሳመመኝ ከፍጥነቱ ይልቅ ያ ድምፅ ነው። ያው መስኮት፣ ያው መዳፍ፣ ያው ሐረጎ፤ ግን መንገዱን ያላነበበ ቃል። አንዳንድ ወጣቶች ይህን «ራሊ» ብለው ሲጠሩት እሰማለሁ። ራሊ አይደለም። ራሊ የሚሮጠው መንገዱ ተዘግቶ ነው፤ ከአንዱ የውድድር ክፍል ወደ ሌላው በክፍት መንገድ ሲሄዱ እነዚያ ሻምፒዮኖች እንደ ማንኛውም ሰው የትራፊክ ሕግ ያከብራሉ።

ለዚያ ሹፌር የዣኪ ኢክስን ታሪክ ብነግረው በወደድኩ። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ለማን በምትባል ከተማ፣ 24 ሰዓት የሚነዳ ውድድር አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ 11 ሰዓት ጀምሮ እሑድ 11 ሰዓት ያልቃል። ያኔ ሹፌሮች መንገዱን በሩጫ ተሻግረው፣ መኪናቸው ውስጥ ዘለው ገብተው ነበር የሚነሱት። ቀበቶ ለማሰር የሚቆም ጥቂት ነው። በ1969 ሁሉም ሲሮጡ ኢክስ በእርምጃ ሄደ። ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ከሁሉም በኋላ ተነሳ። በመጀመሪያው ዙር ጆን ዉልፍ የተባለ ሹፌር፣ ቀበቶውን ያላሰረ፣ ተገልብጦ ሞተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እሱ ግን የሚለቅምበት ዕድል እንኳ አላገኘም። ከ24 ሰዓት በኋላ ኢክስና ጓደኛው ጃኪ ኦሊቨር ሁለተኛውን 120 ሜትር ያህል ቀድመው ገቡ። በቀጣዩ ዓመት በሩጫ መነሳት ቀረ። አጎቴ ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል።

በረካ

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ራሊውን እንድከፍትላቸው ራሳቸው ጠየቁኝ። አሸናፊዎቹ መድረክ ላይ ቆመው ዋንጫ ሲቀበሉ አየን።

«ሽልማቱ ለማን ነው?»

«ለሁለቱም ጋሼ። ረዳቶቹ ራሳቸውን የቻለ የዓለም ሻምፒዮና አላቸው። ስማቸው ከሹፌሩ ጋር መኪናው ላይ ይጻፋል።»

«መኪናው ላይ» ብለው ደገሙት። ኤንትሬው በር ላይ የባለንብረቱ ስምና የጭነቱ ልክ ነበር የተጻፈው።

ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና ቁጥር እንድፈልግ ነገሩኝ። የዚያን ጊዜው ረዳት ከሚሴ ሱቅ ከፍቷል፤ ልጆቹን ድሯል። ድምፁን ከፍ አድርጌ መሀላችን አስቀመጥኩት። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ። ከዚያ አጎቴ በመሀል አቋርጠው፣

«ስማ፣ ሐረጎን ታስታውሰዋለህ?» አሉት።

ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም።

«ከላይ ነው ከታች የምጀምረው?» አለ።

«ከላይ። እየወረድን ነው። ጉም አለ።»

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። ከዚያ ያው ድምፅ፣ ሸክሙ ትንሽ ከብዶት፣ መጣ። «ቀጥ በል… ቀጥ… አሁን ግራ ነው፣ ስበር… ስበር…»

አጎቴ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ አንገታቸው ወደ ስልኩ ዘንበል ብሏል። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነስቶ አየሩ ላይ ማርሽ ቀነሰ።

«መልስ» አለ ስልኩ።